ጋሽ ገበር በሱፍ ኮት ቆላ ወረዱ

ጋሽ ገበር ልብስ ሰፊ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ ሰው ካለ እሳቸው ብቻ ናቸው። ገበር ያሰኛቸው ሥራቸው ነው፤ ኮት ቢሰፉ ገበር፣ ሱሪ ቢሰፉ ገበር፣ የሕፃን ቁምጣ እንኳ ቢያመጡላቸው ገበር ሳያስገቡ አይመልሱም። «ገበር የሌለው ልብስ የለበሰ ሰው ራቁቱን ነው የሚሄደው፤ ያላወቀ እሱ ብቻ ነው» ይላሉ፣ መርፌውን በከንፈራቸው እንደያዙ። ከተማው ጉምና ዝናብ የማይለየው ደጋ ስለሆነ የሚከራከራቸው አልተገኘም። ከፀጉር ቆራጩ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍላቸው ደጃፍ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ከኮሌታው እስከ ጫማው ይመዝኑታል። አንዱን «ትከሻው ወደቀ» ይሉታል፤ ሌላውን «ይሄ ሱሪ ነው መጋረጃ?» እሳቸው ራሳቸው ግን እንከን አይወጣላቸውም፦ ጥቁር የሱፍ ኮት፣ ሰደርያ፣ ከረባት፣ ቀጥ ያለ ነጭ ኮሌታ።

ይህ ምላስ ነው ብቸኛ ልጃቸውን ያሳጣቸው። ከሰባት ዓመት በፊት ልጅቷ እጮኛዋን ልታስተዋውቅ ይዛው መጣች። ሰውየው በወደብ ከተማ የሚሠራ የመርከብ መካኒክ ነው፤ ሙቀት አገር ተወልዶ ያደገ ስለሆነ እጀ ጉርድ ሸሚዙን ለብሶ ከች አለ። ጋሽ ገበር ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ክንዱን በሜትራቸው ለካ አድርገው፣ «ልጄ፣ የቀረውን እጅጌ የት ጥለኸው መጣህ? ወይስ ሚስት ስታገኝ ነው የሚቀጠልልህ?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ አልሳቀችም። አግብታው ወደብ ከተማ ገባች፣ አባትና ልጅም ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ። ሴት ልጅ መውለዷን እንኳ ጋሽ ገበር የሰሙት ከፀጉር ቆራጩ ነው።

ለሰው አይናገሩት እንጂ ይህ ነገር አንጀታቸውን በልቶታል። ላላዩዋት የልጅ ልጃቸው በግምት ቀሚስ ይሰፋሉ፤ ደግሞ ሰፍቷት ይሆን፣ ጠቧት ይሆን እያሉ መልሰው ይተረትሩታል።

ታዲያ አንድ ቀን ስልካቸው ጮኸ።

«አባዬ፣ ልጄ አያት እንዳላት ሰምታ ካላየሁት ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ። እሁድ ና። ግን ስማኝ፤ ስለ ባለቤቴ ልብስ አንዲት ቃል ከአፍህ ከወጣች፣ ባመጣህ መኪና ነው የምትመለሰው። ልጄንም ከዚያ ወዲያ አታያትም።»

«ምን በወጣኝ! ዲዳ ነኝ በቃ!» አሉ ጋሽ ገበር።

ፀጉር ቆራጩ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ቆላውን ያዳረሰ ሰው ነው። መንገዱን ሲሰማ መቀሱን አስቀምጦ መጣ።

«ስማ ወዳጄ፣ ስስ ጥጥ ልበስ። ነጣ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ንፋስ የሚያስገባ። ባርኔጣ ድፋ፣ ክፍት ጫማ አድርግ፣ ውሃ ከእጅህ አይለይ። ያንን ሱፍህን ግን እዚሁ ስቀለው።»

«ጥጥ ለትራስ ነው!» አሉ። «ሱፍ ብርድ አላስገባም ካለ፣ ሙቀትስ በየት በኩል ይገባል?»

«ሙቀቱማ ከአንተው ነው የሚወጣው! መውጫ ሲያጣ ይቀቅልሃል።»

«እኔን ሙቀት ደፍሮኝ አያውቅም።»

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብሎ ፀጉር ቆራጩ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲያያዘው ተሳፋሪው እንደ ሽንኩርት ይላጥ ጀመር። አንዱ መታጠፊያ ላይ ጃኬት ወለቀ፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ቀጥሎ ካልሲ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሹፌሩ ራሱ በካናቴራ ቀርቷል። ጋሽ ገበር ብቻ ቁልፋቸውን እንደቆለፉ ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት በካርቶን እያራገበችላቸው፣ «አባቴ፣ ኮቱን ያውልቁት እንጂ! ከውስጥ ዳቦ ደፍተዋል እንዴ?» አለቻቸው።

«ለምጄዋለሁ» አሉ። ላባቸው ከቅንድባቸው ተነስቶ በአገጫቸው ይንጠባጠባል።

የልጃቸው ቤት ከወደቡ በስተጀርባ ያለች ቆርቆሮ ክዳን ቤት ናት። አማቻቸው በቁምጣና በካናቴራ ሆኖ በሩን ከፈተ። የጋሽ ገበር ምላስ ጥርሳቸው ጋ ደርሶ ተመለሰ፤ ሲውጡት ጉሮሯቸው ታየ። ልጃቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ያቺ ሲያልሟት የኖሩት «አያቴ!» እያለች ሮጣ መጥታ ወገባቸው ላይ ተለጠፈች። ወዲያውም ተፈናጥራ ሸሸች።

«እማዬ፣ አያቴ ያቃጥላል!» ብላ ከአባቷ እግር ኋላ ተደበቀች።

ጋሽ ገበር በዘመናቸው ብዙ ተሰድበዋል፤ እንዲህ ልባቸው የገባ ግን የለም። ጎንበስ ብለው «ነይ የኔ እናት» ቢሏት ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ጋሼ፣ ኮቱን ያምጡት፣ ልስቀልልዎት» አለ አማቻቸው።

«ተወው ልጄ፣ ይሁን።»

«አባዬ፣ አውልቅ እንጂ! ልጅቷም እኮ ኮቱን ነው የፈራችው። ቤትህ ነው፣ ማንን ታፍራለህ?»

እዚህ ላይ የጋሽ ገበርን ምስጢር ማውጣት ግድ ነው። ሰውየው ላዩን ሲያዩት የሚያምር፣ ውስጡን ለቄስ ናቸው። ከኮቱ ሥር ያለው ሸሚዝ ነጭነቱ ለሚታየው ብቻ ነው፦ ለኮሌታው፣ ለደረቱ፣ ለእጅጌው ጫፍ። የቀረው የዱቄት ከረጢት ነው። ድህነት እንዳይመስላችሁ፤ ስስት ነው። ለማይታይ ቦታ ጥሩ ጨርቅ ማባከን ሞኝነት ነው ብለው ወስነው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ፊት ኮት ሳያወልቁ ኖረዋል። ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገሩን ሁሉ ራቁቱን ነው ሲሉ የኖሩት እኚሁ ናቸው። አሁን በእጅጌው በተሳለቁበት ሰው ፊት ከማውለቅ ሞትን መረጡ።

«ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው» አሉ።

በዚያ አገር ይህ አይባልም። ቤቱ ተተራመሰ።

«ወባ ነው!» አለ አማቻቸው፣ ያ መርከብ ሲሰምጥ አይደነግጥም የሚባለው ሰው። ብድግ አድርጎ አልጋ ላይ አስተኛቸው። ልጃቸው ማራገቢያውን አጠፋች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ከኮቱ በላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣለችባቸው፣ ትኩስ ሻይም አመጣች።

«ሌላ ልደርብልህ፣ አባዬ?»

ጋሽ ገበር ይበቃኛል ቢሉ ኮቱን አውልቅ ሊባሉ ነው፤ ደርቢልኝ ቢሉ ሌላ ብርድ ልብስ ሊመጣ ነው። ሳይወስኑ ሌላው ብርድ ልብስ መጣ። የልጅ ልጃቸው በሩን ተደግፋ ከሩቅ ታያቸዋለች። ፈገግ ሊሉላት ሲሞክሩ ፊቷ ሁለት ሆነባቸው፣ ከዚያ ጨለመ።

ሲነቁ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ በደረታቸው ተዘርረዋል። ማራገቢያው ይዞራል፣ ጀርባቸው ላይ ውሃ ይፈስሳል። ኮቱ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሰደርያውም ከጎኑ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ የጋሽ ገበር ጉድ ከነፋብሪካው ማኅተም ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ሆኗል። አማቻቸው ባልዲውን አስቀምጦ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ በፍጥነት ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ሳቁ ከጓሮ ተሰማ። ማን ይፈርድበታል?

ልጃቸው ዛሬም አልሳቀችም።

«ሰባት ዓመት፣ አባዬ» አለች። «ለአንድ እጅጌ ብለህ ሰባት ዓመት ያለ ልጅ ኖርክ። ለካ ያንተ ጀርባ ይሄ ነው!» ድምጿ ተሰብሮ፣ ደረቅ ልብስ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ጋሽ ገበር መሬት ተከፍታ በዋጠቻቸው ደስ ባላቸው። ተገልብጠው ጀርባቸውን ወለሉ ላይ ሊደብቁ ክንዳቸውን ሲተክሉ፣ አንዲት ትንሽ ጣት ትከሻቸው መካከል አረፈች። ልጅቷ ናት። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ቆጥራለች፤ ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ካየች አታልፍም።

«የ... ተ... ጣ... ራ። የተጣራ!» ጣቷ ወደ ቀኝ ሄደች። «የ... ስ... ን... ዴ... አያቴ! አንተ ላይ ተጽፏል!»

«አዎ፣ የኔ እናት» አሉ፣ ወለሉን እንደሳሙ።

እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጢጥ አለች። ክርኗን ወገባቸው ላይ አስደግፋ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች፤ ቀለሙ እዚያ ጋ ስለደበዘዘ ፊቷን ጀርባቸው ድረስ አስጠጋች። ትንፋሿ ይሰማቸዋል።

«ከ... እ... ር... ጥ... በ... ት... ይ...»

ልጃቸው የባሏን ሸሚዝ ይዛ ተመለሰች። «በል ተነስ አባዬ፣ ይሄን ቀይር። ፊቴን አዞርልሃለሁ፣ አላይህም።»

ጋሽ ገበር አገጫቸውን ከሲሚንቶው አላነሱም።

«ቆይ» አሉ። «አልጨረሰችም።»