ነጭ ፊቷን ያስመረጥኩ ጊዜ

ደባርቅ ባዮሎጂ ሳስተምር የምኖረው እህል ከሚነግዱ አንዲት መበለት ግቢ ተከራይቼ ነበር። እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ሲመሻሽ ጠርተው የእህል ማከማቻቸውን ጣሪያ አሳዩኝ። ከቆርቆሮው ሥር ካለች ቀዳዳ ፊታቸው ነጭ የሆነ ሁለት ጉጉቶች ተራ በተራ ወጥተው በረሩ።

«አይጡን እነሱ ናቸው የሚጨርሱልኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ላንተ ብቻ ነው ያሳየሁህ የኔ ልጅ። ሰው እንዳይሰማብኝ።»

ለምን እንደፈሩ አልጠየቅኋቸውም። በእኛ አገር ጉጉት ጣሪያ ላይ ከጮኸች ከሰፈሩ ሬሳ ይወጣል ይባላል። ጉጉት የምታኖር ሴት ደግሞ ምን እንደምትባል አውቃለሁ። ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገባሁ።

በዚያው ዓመት እኔና አንድ የጂኦግራፊ መምህር ጓደኛዬ ተማሪዎቻችን ጉጉት ባዩ ቁጥር ድንጋይ ማንሳታቸው ቢያናድደን ውድድር ፈጠርን። እሱ የጃናሞራ ልጅ ነው፤ በገደል ለምትኖረው፣ ጆሮ የሚመስል ላባ ላላት ትልቋ ጉጉት ቆመ። እኔ ለነጭ ፊቷ ቆምኩ። ነጭ ፊቷን የወደደ ባቄላ፣ ባለጆሮዋን የወደደ አተር አንድ ቅል ውስጥ ይጨምራል። በየሳምንቱ እየቆጠርን መሳደብ ሆነ ሥራችን። «ያንተዋ የሰው ቤት ጥገኛ!» ይለኛል። «ያንተዋ ከሰው የተጣላች!» እለዋለሁ። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ድንጋይ ማንሳቱም ቀረ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ግን አተሩ በለጠ። ጓደኛዬ በልጆቹ ፊት «የኔዋን ያየ ገበሬ ሞልቷል፤ ያንተዋ ያለችው ሰሌዳ ላይ ነው» ሲለኝ እልህ ያዘኝ። ትልቅ ሰው በባቄላ እልህ ይያዛል? ተያዝኩ። እትዬ ለገበያ ዳባት በሄዱበት ቅዳሜ የግቢውን በር ከፍቼ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አስገባሁ። ልጆቹ ጣሪያ ሥር የተቀመጠችውን ነጭ ፊት ሲያዩ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሰኞ ቅሉ በባቄላ ሞላ፤ አሸነፍኩ።

ወሬው ከልጆቹ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። በዚያው ሳምንት ብዙ ጊዜ ታመው የተኙ ጎረቤታችን አረፉ። እትዬ ለቅሶ ቤት ገብተው ሲቀመጡ አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ቤት ሲመለሱ እኔን «የኔ ልጅ» ማለታቸውን ትተው ነበር።

«መምህር» አሉኝ። «ያሳየኸው አንተ ነህ፣ አንተው ድፈነው።»

አላንገራገርኩም። እንዳልጨክንባቸው ብዬ ሁለቱም ጉጉቶች እስኪወጡ ጠበቅሁና መሰላል ላይ ወጥቼ ቀዳዳዋ ላይ ቆርቆሮ በምስማር መታሁ። ጎረቤቶች አጥሩ ሥር ቆመው ያያሉ። የመጨረሻውን ምስማር እንደመታሁ ከውስጥ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የተራበ የጉጉት ጫጩት እንዲህ ነው የሚጮኸው። ክፍል ውስጥ አፌን አሹዬ እያስመሰልኩ ለልጆቹ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

«ጨረስክ መምህር?» አለኝ ከታች አንዱ።

ሁሉም አንጋጠው እያዩኝ መልሼ መንቀሉ አሳፈረኝ። «ጨርሻለሁ» ብዬ ወረድኩ።

ሁለት ቀን እናትና አባታቸው እየመጡ ቆርቆሮውን ቧጠጡት። በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ሌላ ሰፈር ተዝካር ሲሄድ ነቀልኩት። ሦስት ጫጩቶች ነበሩ፤ ገና ለስላሳ ፀጉር እንጂ ላባ አላወጡም፤ ተቃቅፈው ሞተዋል። ጓሮ ቀበርኳቸው። ተማሪዎቼ የት ሄደች ሲሉኝ ገደል ወጣች ብዬ ዋሸኋቸው።

እትዬ ዶማውን ሳስቀምጥ አዩኝ። የሚተኙት ከማከማቻው ጋር ግድግዳ በሚጋራው ክፍል ነው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብለው አጠገቤ መጡ።

«ድምፃቸውን ሁለቱንም ቀን ስሰማው ነበር» አሉኝ። «የተማረ ነው፣ አይፈራም፣ ወጥቶ ይነቅለዋል እያልኩ አንተን ስጠብቅ ነበር።»