ዜሮ ማለት ደህና ነው

ዛሬ የአባቴን ድምፅ ያጣሁ መስሎኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ ቀራንዮ በነበረው ቤታችን በካሴት የቀዳው ድምፁ፣ ካሴቱ ስለተበላሸ፣ አሁን ያለው አሮጌ ኮምፒውተሬ ውስጥ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሊሞት ነው። ልጄ ሊዲያ ወደ ፍላሽ ልትገለብጠው ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ ጻፈች። ምንም መልስ የለም።

«አለቀልን?» አልኳት።

«ቆይ፣ ልጠይቀው።» ሌላ አጭር ትእዛዝ ጻፈች። 0 ብቻ ወጣ።

«ዜሮ? ጠፋ በይኛ!»

«አባዬ ደሞ! ዜሮ ተሳክቷል ማለት ነው። ትእዛዝ ሁሉ ሲጨርስ ቁጥር ይተዋል። ካልተሳካ ሌላ ቁጥር ይሆናል፤ ችግሩን ይጠቁማል።»

እኔ የማውቀው ዜሮ በቀይ እስክሪብቶ የሚጻፈውን ነው።

እናቴ ከሶፋው ላይ ሳቀች። «እንደ አያትሽ ነዋ! ከቀበሌ ስብሰባ ተመልሶ ዝም ብሎ ጫማውን ካወለቀ ሰላም ነበር። ‹ምንም የለም፣ አትጨነቂ› ካለኝ ግን የእስር ቤት ስንቅ ማሰናዳት እጀምር ነበር።»

ቅጂውን ከፈትነው። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እየቀዳ ነው እንዴ?» አለ።

«አዎ» አለችው እናቴ ከሶፋው ላይ።

የእናንተስ አባት ደህና መዋሉን ሳይናገር በምን ታውቁ ነበር?