ሰባ ሁለት ከመቶ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ኦምዱርማን ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከሰም መንጋጋ ጥርስ እቀርጽ ነበር። የጥርስ ሕክምና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ፤ ሱዳን ውስጥ ሳምንቱ የሚጀምረው በእሑድ ስለሆነ ሥራውን በማግስቱ ማስረከብ ነበረብኝ። የመጀመሪያውን ድምፅ ስሰማ ጎረቤት የብረት በሩን የወረወረው መሰለኝ። ሲደገም ግን በር እንዳልሆነ ገባኝ። እናቴ ከውስጥ ወጣች፤ ሰማዩን ሳይሆን እኔን አየችኝ። «ግቢ» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ኦምዱርማን ለተወለድነው የሐበሻ ልጆች ነው፤ እዚያው ለቀራችሁትም፣ ካይሮና ፖርት ሱዳን ለተበተናችሁትም። ስለዚህ የጦርነቱን ነገር አላረዝመውም። መስኮት በፍራሽ መድፈንን፣ ውኃ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ መሄድን ታውቁታላችሁ። በአውቶቡስ ገዳሪፍ ደረስን። እናቴ እዚያ ከአንዲት የታመመች ጓደኛዋ ዘንድ ቀረች። «ሁለት ሆነን ወንድሜ ላይ አንወድቅም፤ አንቺ ሂጂና ተማሪ» አለችኝ። እኔ ብቻዬን ገላባት ወርጄ፣ ትንሿን ድልድይ በእግሬ ተሻግሬ መተማ ዮሐንስ ገባሁ። እናቴ የተወለደችበት ከተማ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ያየሁት በፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ድልድዩን እንደተሻገርሁ አንድ ሠራተኛ ቅጽ ይዞ ጠየቀኝ።

«የት ተወለድሽ?»

«ኦምዱርማን።»

«እናትሽስ?»

«እዚሁ፣ መተማ ዮሐንስ።»

እስክሪብቶውን አነሣ። «ታዲያ አሁን ተሰደድሽ ልበል ወይስ ተመለስሽ?»

አላውቅም አልሁት። እሱም እንደማያውቅ፣ ቅጹ ግን አንዱን እንደሚፈልግ ነገረኝ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ብጠይቀው ትንሽ አሰበና፣ «ስደተኛ ካልሁሽ ድንኳን ይደርስሻል። ተመላሽ ካልሁሽ እንኳን ደህና መጣሽ ይደርስሻል» አለኝ። ተመላሽ ጻፍ አልሁት። እሱም እንኳን ደህና መጣሽ አለኝ።

አጎቴ ጋሼ አዛናው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከኮኪት ወዲያ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳሉ። ከባለቤታቸው ከእትዬ ትርንጎ ጋር እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝ፤ እኔ ግን ለወራት በቤታቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የኖርሁት። መተማ ባዕድ ብትሆንብኝ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም ነገር ግማሹ የእኛ ነው። ባጃጁ የእኛው ረክሻ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ሰው «እሺ» ለማለት «ተማም» ይላል፣ ፉልም አለ። ግን ፉሉ ላይ የሰሊጥ ዘይት አያፈስሱበትም፤ ሰሊጡ እዚህ በቅሎ የሚበላው እዚያ ነው። የኦምዱርማን ሙቀት አቃጥሎ ይተዋችኋል። የዚህ በክረምት ይለበሳል እንጂ አይወልቅም። የጭነት መኪና ጎማ በፈነዳ ቁጥር ራሴን የማገኘው አልጋ ሥር ነው። እትዬ ትርንጎ አንድ ቀን በርከክ ብለው አዩኝና፣ «ጎማ ነው ልጄ፣ ውጪ» አሉኝ። አልወጣሁም፤ እሳቸውም ሻይዬን እዚያው አቀበሉኝ።

ጎንደር አንድ ኮሌጅ የጥርስ ሕክምና እንደሚያስተምር ሰማሁና ደወልሁ። ስልኩን ያነሡት ሴትዮ የሦስት ዓመት ትምህርቴ እንዲቆጠርልኝ ማስረጃዬን ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። ማስረጃው የነበረበት ሕንጻ ተቃጥሏል ተባለ አልኋቸው። «እንግዲያው ለመቃጠሉ ማስረጃ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። አልቀለዱም። ያለዚያ እንደማንኛውም አዲስ ተማሪ የመግቢያ ፈተና ተፈትኜ ከአንደኛ ዓመት እጀምራለሁ ማለት ነው። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዱ በኅዳር፣ ሌላው በሚያዝያ። ብዙው ወንበር በኅዳር ከተያዘ ለሚያዝያ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ባለፈው ጊዜ በመጨረሻ የገባው ተማሪ ያመጣው ሰባ ስምንት ነበር።

ሌላውን የነገሩኝ የመተማ ሰዎች ናቸው። ከገንዳ ውኃ ወዲያ እስከ አይከል ያለው መንገድ ላይ ሰው ከመኪና ይወርዳል፣ ይታገታል። ሁሉም አይታገትም፣ ግን ማን እንደሚታገት አይታወቅም። ስለዚህ «እስቲ ልሞክር» ብሎ ጎንደር መሄድ የለም። የሚኬደው አንድ ጊዜ ነው፣ ለሚያልፉበት ፈተና።

የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት አስካለ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ታስጠናኝ ጀመር። ከጎጃም መጥታ እዚህ ያገባች፣ ቃሏ ቀጥ ያለ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ስንት አመጣለሁ ብለሽ ታስቢያለሽ ብትለኝ ዘጠና አምስት አልኋት። የልምምድ ፈተና ሰጠችኝና ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስታርመው ስድሳ አራት ሆነ።

«ዘጠና አምስት ያልሽው የማንን ነው?» አለችኝ።

ከዚያ እንዴት ግብ እንደሚያዝ አስተማረችኝ። ሦስት ፈተና በሦስት የተለያየ ቀን፣ ሰዓት ተይዞ። ከሦስቱ መካከለኛውን ያዢ፤ ጥሩውን ቀንሽን አትያዢ፣ ክፉውንም አትያዢ። በቀረሽ ጊዜ በየትኛው ትምህርት ስንት ልትጨምሪ እንደምትችዪ ቁጠሪ። «ከዚያ በላይ የጻፍሽው ጸሎት ነው» አለች፣ «ጸሎትሽን ሌላ ወረቀት ላይ ጻፊው።» ሦስቱ ስድሳ አራት፣ ሰባ ሁለትና ሰባ አራት ሆኑ። ባዮሎጂው ደህና ነው፤ የሚጥለኝ ፊዚክስ ነው። እስከ ኅዳር ብትገፊ ሰባ አምስት፣ እስከ ሚያዝያ ግን ሰማንያ ሁለት ትደርሻለሽ አለችኝ። አምርሬ አለቀስሁ፣ እሷ ግን ቁጥሩን አልለወጠችልኝም።

የዚያን ቀን ጋሼ አዛናው በር ላይ ጠበቁኝና ነጥቤን ጠየቁኝ። «ሰባ ሁለት» አልኋቸው። ኦምዱርማን የፈተና ውጤት የሚወጣበትን ቀን ታስታውሱታላችሁ፤ ሰው ነጥቡን እስከ አሥርዮሹ ይናገራል፣ እናቶች መንገድ ወጥተው እልል ይላሉ። ነጥብ የሚደበቅ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። መግቢያው ሰባ ስምንት መሆኑንም ነገርኋቸው። ጋሼ ፈገግ አሉ፣ ትከሻዬን ነካ አደረጉና «በቃ ጎሽ» ብለው ሄዱ። ገርነታቸው መስሎኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ፣ የኅዳሩ ፈተና ሲቃረብ፣ ጋሼ ሐሙስ ጠዋት ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና አገኙ። ሾፌሩ የአብሮ አደግ ጎረቤታቸው ልጅ ነው። ሁለት ቦታ ያዙ፣ አንዱ የእኔ፣ ሌላው የራሳቸው። ብቻሽን አልልክሽም አሉ። በዚያ መንገድ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚፈለገው ሰሊጥ ያለው ሰው ነው። ይህን እሳቸው ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ሌሊቱን ሙሉ እሳቸው ከመኪናው ሲወርዱ፣ እኔ ስቀር አየሁ፤ ግን ለምን በሰባ ሁለት እንደሚወስዱኝ አልገባኝም፣ ለመጠየቅም አፈርሁ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ እናቴ ከገዳሪፍ ደወለች። ደስታዋ ከመስመሩ ጩኸት በላይ ይሰማ ነበር። ጋሼ ዘጠናን እንደማልፍ ነግረዋት ኖሯል።

«ሰባ ሁለት ነው ያልሁት» አልኋት።

ሳቀች። «እሱማ ነው። ለመተማ ገበሬ ሰባ ሁለት ስትይው ምን ይስማ? አባቴ አውድማውን ሞልቶ ቆሞ፣ ስንት ኩንታል ትጠብቃለህ ሲሉት ዘሬን ቢመልስልኝ ይል ነበር። እዚያ ሰው ያለውን አይናገርም፤ ዓይን አለ፣ ዝናብ አለ። ግማሹን ትናገሪያለሽ፣ የሰማሽ ሰው ግማሹን ጨምሮ ይሰማሻል። ጎሽ፣ የኛ ሰው ሆነሻል።»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። አልቀነስሁትም እንዳልላት ከጀርባዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማል፣ ደስታዋን ለሰው እያካፈለች ነው። መስመሩ እስኪቋረጥ ሳቃቸውን ሰማሁ።

ረቡዕ እትዬ ትርንጎ ለእርሻው ሠራተኞች ምሳ ሲልኩ እኔ ልውሰድ አልሁ። የታሰረው ሰሊጥ እየተገለበጠ ሸራ ላይ ይራገፋል። ለአጨዳ ከጎጃም የመጡት ሠራተኞች ከሩቅ አይተውኝ፣ «ሐኪሟ መጣች፣ አፋችሁን ዝጉ፤ ያየችውን ትነቅለዋለች» ተባባሉ። አንዱ ግን አፉን ከፍቶ ቀረበኝና መንጋጋውን አሳየኝ። በፍርሃቴ መካከል እንኳ አጎንብሼ አየሁት። ይህ አይነቀልም፣ ይሞላል አልሁት። «በምን? በሰሊጥ?» አለኝ፣ ሁሉም ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርሁ።

ጋሼ ከሸራው ዳር ብቻቸውን ቆመው ነበር። የምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጥሁት።

«ጋሼ፣ ነጥቤን ስነግርዎ ሰባ ሁለት ብዬዎት ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«ሰባ ሁለት ነው። አልቀነስሁትም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «የያዝሽው ሌላ የለም?»

«የለም። ነገ ሄጄ ብፈተን እወድቃለሁ። አንቱን ደግሞ ለከንቱ መንገድ ላይ እጥልዎታለሁ።»

የሚራገፈው ሰሊጥ ሸራው ላይ ሲወርድ እንደ ቀጭን ዝናብ ይሰማል። የተቆጡ መሰለኝ፤ ሊመጣ ላለው ቁጣ ዓይኔን ጨፈንሁ። ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነበር።

«ታዲያ ቁጥር እንዲህ ራቁቱን ለሰው ይነገራል?»

«እኛ ዘንድ ይነገራል።»

እኛ ያልሁት እነማንን እንደሆነ አልጠየቁኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ሂጂም ማለት ይከብደኛል፣ ቅሪም ማለት ይከብደኛል። ብትቀሪ ወንበሩ ሊያልቅ ይችላል። መንገዱም ሚያዝያ ላይ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅልሽም።»

«እኔም አላውቅም። ግን በሰባ ሁለት አልሄድም።»

«ሚያዝያ ስንት ታመጫለሽ? እንደ እናንተ ንገሪኝ፣ እንደኛ አይደለም።»

ፈተና የሚፈራ ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ መናገርን የበለጠ ይፈራል፤ ከተናገረው በኋላ ይያዝበታል። «ሰማንያ ሁለት» አልሁ።

«በማን ሚዛን?»

«በመምህርት አስካለ።»

«እሷ ጎጃሜ ናት» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «የጎጃም ሰው ይጨምር እንደሆን እንጃ።» ከዚያ የምሳ ዕቃውን አነሡና ወደ ሠራተኞቹ ሄዱ። ጥቂት እንደሄዱ ቆም ብለው፣ ለእናትሽ አንቺው ንገሪያት አሉኝ።

ማታውን መስመር ስሞክር አሥራ አንድ ጊዜ እምቢ ካለ በኋላ ያዘ። ነገርኋት። «እልል ብዬ ነበር እኮ» አለች እናቴ፣ «ቤቱ ሁሉ ሰምቷል።» ይቅርታ አድርጊልኝ አልኋት። ስለምን ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም፤ ስላልዋሸሁ ይሁን፣ ቀድሜ ስላልተናገርሁ። አጎትሽ ነገ አይሄድም አይደል ብላ ጠየቀችኝ። አይሄዱም አልኋት። «እንግዲያው…» አለች፣ መስመሩም ተቋረጠ። እንግዲያው ምን ልትል እንደነበር እስካሁን አልጠየቅኋትም።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ያለ እኛ ሄደ። ጥሩንባው ከአስፋልቱ ሲርቅ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሰማሁት፤ ለሾፌሩ ጸለይሁ። ተጣጥቤ ወደ መምህርት አስካለ ቤት ሄድሁ። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አራተኛውን የልምምድ ፈተና እንድትሰጠኝ ለመንኋት፣ የፊዚክሱን ክፍል ብቻ። ሰዓቷን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ስለሚሰበርበት ማዕዘን ነበር። አላወቅሁትም። ዘለልሁትና ሁለተኛውን ጀመርሁ።