የሰንበቴው ደላላና የጭልፊት ቮላኖ

ጀይሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰንበቴ ከብት ገበያ ደላላ ነበር። ደላላ ስላችሁ ታዲያ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ቤት የሚያከራየው እንዳይመስላችሁ። የአፋሩን ግመል ከደገኛው ገዢ ጋር የሚያስማማ፣ ወይፈን አፍ ውስጥ እጁን ሰዶ «ይኸ ገና ለጋ ነው፣ ወስደህ ጥመደው» ካለ ሻጭም ገዢም ዱዓ አድርገው የሚለያዩለት ሰው ነበር። ጨው አልሰው ውሃ የሞሉትን በሬ ከሩቅ ይለየዋል። ቀንዷን በጠርሙስ ስባሪ ፍቀው ቅቤ የቀቧት አሮጊት ላም ስትመጣማ ሳቁ ነው የሚቀድመው። «ቀንዷንስ ዳርካት፤ ጥርሷን ምን ልታደርገው ነው?» ይላል።

ከዚያ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ይኸስ ባልከፋ፤ ከሞራው የባሰው እፍረቱ ነው። እንደ ዕውር ሲዳብስ እንዳያዩት ብሎ አንድ እሑድ አንዲትን ላም እጁን ሳያስገባ፣ እንዲያው ቆሞ አየና «ወጣት ናት» ብሎ ለቀቃት። ላሚቱ ለካ የልጅ ልጅ ያየች ኖራለች! በሳምንቱ የገዛት ሰውዬ እየጎተተ መልሶ አመጣት። ገበያው ሳቀ። የደላሎቹ አለቃ በድሩ፣ የልጅነት ጓደኛው፣ ክንዱን ይዞ ወደ ጎን አወጣውና «ጀይሉ ወንድሜ፣ ሠርተሃል፤ አሁንስ እረፍ» አለው። በደግነት ነው ያለው። ደግነቱ ግን ከስድብ አልተሻለም።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጀይሉ ከሚሴ ውስጥ ከቤቱ በር ላይ ተቀምጦ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። የሚጠይቀው ሰው የለም። ቡና ጠጣህ ወይ ብለው ይጠይቁታል እንጂ፣ ይኸ ነገር እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቀው ጠፋ። እጄም አብሮ ሞቶ ይሆን እያለ ይፈራል፤ ለማንም አይናገረውም።

ልጁ ጀሚል ሹፌር ነው። መኪናው ባለሁለት በር ቀይ ቶዮታ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀራት፣ ነዳጅ ሲረግጧት የምትጮህ ናት። ጭልፊት ይሏታል። የቸኮለ መንገደኛ ከከሚሴ ደሴ በኮንትራት ያደርስባታል፤ ሙሽራም ያመላልስባታል። በሁለት ሺ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በአንዱ እሑድ፣ የሀረጎን ዳገት ከአይሱዙ ጋር ሲፎካከር ፍሪሲዮኗን አቃጠለው። ሽታው ልብሱ ላይ ቀርቶ እናቱ ፋጥማ ገና ከበር «ምን ጎማ አነደድክ?» አለችው። ሐሙስ ደግሞ ጨፋ ሮቢት ሙሽራ ሊያመጣ ቃል ገብቷል። ሙሽሪት የማን የእኅት ልጅ መሰለቻችሁ? የበድሩ!

ሰኞ ጠዋት ጀሚል ዕቃ ሊገዛ ሲነሳ ፋጥማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባትህን ይዘኸው ሂድ፤ በር ላይ እንደተቀመጠ ሊያልቅብኝ ነው» አለችው። ጀይሉ ዓይኑ ነው እንጂ የደከመው ጆሮው መች ደከመ! ሰማት። ከፋው። ግን ከዘራውን አንስቶ ተከተለ።

የሙሀመድኑር ሱቅ አስፋልቱ ዳር ነው፤ ያገለገለም አዲስም መለዋወጫ ይሸጣል። መካኒኩ ፈረጅ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር።

«አካም ቡልተን አያ ጀይሉ?» አለ ሙሀመድኑር ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

«ነጋያ፣ አልሐምዱሊላህ። ልጆቹ ደህና ናቸው?»

ጀሚል ሰላምታው እስኪያልቅ የት አባቱ ይችላል! ካርቶን ከፍቶ ያወጣው ነገር ላይ ዓይኑ ተተክሏል። የእሽቅድምድም ፍሪሲዮን ነው፣ ከዱባይ የመጣ፤ ሞተሩን የሚይዘውና የሚለቀው ክብ ሸራ ላይ መዳብ የመሰለ ቁራጭ ተለጣጥፎበታል። አብሮት ያለው ቮላኖ፣ ያ ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከረው ባለጥርስ ክብ ብረት፣ በአንድ እጅ ይነሳል።

«አባ፣ ያዘው እስቲ። ላባ ነው!» አለና መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። «ይኸን ካሰርኩላት ጭልፊትን ማን ይደርስባታል?»

ጀይሉ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው። ፈረጅ ራሱን ያካል፤ ገንዘቡ የጀሚል ነው፣ ምን ብሎ ይግባ?

«ሐሙስ ከሙሽሪት ቤት እስከ ሙሽራው ደጅ መንገዱ ሩቅ ነው?» አለ ጀይሉ በመጨረሻ።

«ኧረ ምን ሩቅ! ያቺ ጠጠር ዳገት ናት።»

«ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?»

ጀሚል በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሙሽራ ሲሄድ መኪና አይቀድምም። ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ከፊት ይወጣሉ፤ ሦስት እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፤ ይዘፍናሉ፤ ዞረው ሙሽሪትን ያወድሳሉ፤ ደግሞ ሦስት እርምጃ። መኪናው ከኋላ እንደ እርጉዝ ላም ይከተላል። ጥሩንባ ነፍቶ ያጣደፈ ሹፌር ከዚያ ወዲያ ሙሽራ አይሰጠውም።

«ሁለት ሰዓት» አለ ጀሚል፣ ቀስ ብሎ።

ፈረጅ ሳቁ አመለጠው። «አያ ጀይሉ ጨረሱት! እኔ ልናገር ፈርቼ ነው። ቀላል ቮላኖ ለሩጫ ነው። ዳገት ላይ በዝግታ ስትላት ወይ ትዘላለች ወይ ትጠፋለች። ይኸ ባለ መዳብ ደግሞ ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፣ መሀል አያውቅም። ከሴቶቹ መሀል ዘላ ትገባብሃለች።»

«ውይ፣ አላህ ይጠብቀን» አለ ጀሚል፤ ካርቶኑን መልሶ ሲዘጋ ግን ዓይኑ አብሮ ገባ።

ሙሀመድኑር እንደማይሸነፍ ነጋዴ ሌላ አመጣ። ይኸኛው ከባድ ነው፣ ፊቱ ቶርኖ ቤት ተልጎ እንደ መስታወት ያበራል። «ትክክለኛው የመኪናዋ ዓይነት ነው። ያገለገለ ቢሆንም አዲስ በሉት።»

ጀይሉ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ሦስት ጥንድ ዓይን እያየው ነው። ያቺ ላም ፊቱ ላይ መጣችበት። ቢዳብስ ዕውር ነው ይሉታል፤ ባይዳብስ ደግሞ ያንኑ ስሕተት ሊደግም ነው። «ኧረ ምን አባቱ!» አለ በሆዱ፣ እጁንም ሰደደ። የሚያበራውን ፊት ትቶ ጠርዝ ጠርዙን፣ ጥርሱን በአውራ ጣቱ እየቆጠረ ዞረ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ደግሞ ከዚያ ትይዩ ቆመ።

«ይቺ አሮጊት ናት» አለ። «እዚህና እዚህ ጥርሷ አልቋል። ፊቷን ድራችኋት ጥርሷን ረስታችኋል።»

ፈረጅ ጎንበስ ብሎ አየ። «እውነት ነው! ሞተር ሲጠፋ የሚቆመው እነዚያው ቦታዎች ላይ ነው፤ ማስነሻው ሁልጊዜ እዚያው እየነከሰ በልቶታል። ይኸን ያህል ያገለገለ ብረት እንደገና ሲላግ ደግሞ ይሳሳል፣ ሙቀት አይችልም።»

«ወላሂ እኔንም እንዲሁ አድርገው ነው የሸጡልኝ!» አለ ሙሀመድኑር ደረቱን ይዞ። እውነቱን ነበር፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ለሱም ደርሶታል።

ሌላ ሱቅ እንይ ተባብለው ሲወጡ ጀይሉ የሱቁን የላስቲክ ዳስ ገመድ የያዘውን ብረት አላየውም፤ የእግሩን አውራ ጣት መታውና ቁጭ አለ። «እዚህ መንገድ ላይ ብረት የሚያስቀምጠው የማን ልጅ ነው!» ብሎ ተቆጣ። ጣቱን እያሻሸ ሌላው እጁ ብረቱ ላይ አረፈ። ዝገት ነው። ጠርዙ ላይ ግን ጥርስ አለ። ዞረው። ጥርሱ ሁሉ ሙሉ፣ ሹል፣ እንደ ጥጃ። ቁጣውን ረሳው። ከፈረጅ መፍቻ ተቀብሎ መታ አደረገው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፣ ስንጥቅ የለበትም።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«እሱማ ከተገለበጠች መኪና የወጣ ነው። የጭልፊት ቢጤ ነበረች፣ ገና ብዙም ያልሄደች። ዝናብ አበላሸው ብዬ ለላስቲኩ አሰርኩት።»

«አላህ ሳይደግስ አይጣላም» አለ ጀይሉ ጣቱን እየያዘ። «ልጄ፣ ዓይኔ ደህና ቢሆን ኖሮ ዘልዬው ነበር የማልፈው። ይቺ ናት መኪናህ የምትፈልገው።»

ጀሚል ዝገቱን አየ፣ አባቱን አየ። «አባ... ሐሙስ እኮ የበድሩ ዘመድ ሁሉ ነው የሚወጣው። ፍሪሲዮኑን ብታቃጥልስ?»

ይኸን ጀይሉ አጥቶት ነው? ሁለተኛ ከተሳሳተ፣ ያውም በበድሩ ፊት፣ ከዚያ በር ላይ የሚያነሳው የለም። «ከተቃጠለች የጀይሉ ቃል ናት በል» አለ። «ሸራውንም ያን ተራውን ግዛ፤ ባለ መዳቡን ተወው።»

ቶርኖ ቤት ዝገቱን ብቻ ጠርገው ፊቱን ጥቂት ላጉት። ፈረጅ ማክሰኞ ውሎ ሲያስር ጀይሉ አጠገቡ ተቀምጦ «ብሎኑን አጥብቀሃል?» እያለ አሰለቸው። እሮብ ምግብ አልበላ አለ። ፋጥማ «የምትዳረው አንተ ነህ እንዴ?» ብላ ሳቀችበት።

ሐሙስ ሴቶቹ ከበሮውን አነሱ። ጭልፊት በአበባ ተሸልማ፣ ሙሽሪትን ይዛ፣ ከኋላቸው ዳገቱን ጀመረች። ሦስት እርምጃ፣ ቁም። ሦስት እርምጃ፣ ቁም። ጀይሉ ከመኪናዋ ጋር እኩል ይራመዳል፣ እጁን የኋላ መከለያዋ ላይ አድርጎ፣ የታመመ ከብት እንደሚነዳ። አፍንጫው ያን የተቃጠለ ሽታ ይጠብቃል። ዳገቱ መሀል፣ ጠጠሩ በሚከፋበት፣ አንዲት ዘፋኝ ግጥም መጣላትና አልንቀሳቀስ አለች። አቤት ሲያስጨንቅ! ጀሚል ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ያዘ፣ ቀስ ብሎ ለቀቀ። ከጀይሉ መዳፍ ሥር ጭልፊት ትንሽ እንኳ አልተንገጫገጨችም፤ እንደ ቅቤ ተነሳች። የሚሸተው የሙሽሪት ሽቶና አቧራ ብቻ ነበር። ደጁ ደርሰው እልልታው ሲቀልጥ ጀይሉ ሞተሩ ክዳን ላይ እጁን ጭኖ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ደስ ብሎት አለቀሰ፤ ሰው አቧራ ነው ብሎ ያስበው።

በድሩ ከሕዝቡ መሀል ወጥቶ መጣ። የቮላኖውን ወሬ ከጀሚል ሰምቷል፤ ከሚሴም ከሮቢትም ያልሰማ አልነበረም።

«ጀይሉ፣ እሑድ ሰንበቴ የአፋሮቹ ወይፈኖች ይገባሉ አሉ። ዘንድሮ ደላሎቹ ልጆች ናቸው፤ ቀንድ አይተው ነው የሚፈርዱት። ና።»

«ዓይኔ እኮ አያይም፣ በድሩ» አለ ጀይሉ።

«ዓይንህን ማን ጠራው? እጅህን ይዘህ ና።»