በወለላ ሆድ ውስጥ የሚያጉረመርመው

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ አሮጌ የቆዳ ቁራጭ እሳት ውስጥ ብትጥል፣ ቤቱ በዚያ ጠጉርና ቆዳ ሲያር በሚወጣው ሽታ ተሞላ። እኔም ጉልበቴ እምቢ ያለኝ አሮጊት ከመደቡ ላይ ብድግ ብዬ እጄን አፍንጫዬ ላይ ጫንኩ። ልጆቹ ሽታው አስጠልቶኝ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ጥላሸት የጠጣው የልጅነት ቤቴ ጣሪያና በጭስ መካከል የተቀመጠችው እህቴ ወለላ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ።

ያን ጊዜ ንጉሡ ደብረ ታቦር ሰፍረው ነበር። በጋፋት በኩል ፈረንጆቹ መድፍ ሊሠሩ ብረት የሚያቀልጡበት ጭስ ቀኑን ሙሉ ይነሣል፤ ወታደር በመንደራችን ባለፈ ቁጥር ጎተራው ይጎድላል፤ ትልልቆቹ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። እኛን ልጆቹን ግን ከመድፉም ከወታደሩም ይልቅ የሚያስፈራን የወለላ ሆድ ነበር።

ወለላ ታላቄ ናት። በዚያ ዓመት የሰጧትን ሁሉ ትበላለች፣ የእኔንም ትጨምራለች፣ የገንፎውን ገበቴ በጣቷ ጠርጋ ጣቷን ትልሳለች፤ ክሳቷ ግን ይብስባት ነበር። ክንዷ አገዳ መሰለ፣ ሆዷ ብቻ እንደ ከበሮ ተነፋ። ጆሮዬን ሆዷ ላይ ስለጥፍ ከውስጥ አንድ ነገር ጉርርር ይላል፤ ዝም ይላል፤ ከዚያ በሌላ በኩል ጵስስ ብሎ የሚከተለው ሽታ ከቁርበቱ ላይ ያባርረኛል። የጎረቤት ልጆች ሆዷን ሊያዳምጡ ሲመጡ እሷ በእፍኝ ቆሎ ታሰማቸው ነበር። አንድ ቀን ግን ፊቷ አመድ መስሎ «ተንቀሳቀሰ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሳቀም።

በመንደራችን ልጅ ሲከሳ ቡዳ በልቶታል ይባላል፤ ዓይን ሁሉ የሚሄደውም ወደ አንድ ጎጆ ነው፤ ወንዝ ዳር ብቻዋን ወደምትኖረው ሸክላ ሠሪ፣ ወደ እትዬ አለሚቱ። ሁሉም ውሃ የሚቀዳው በእሷ እንስራ ነው፤ ደጇን ሲያልፍ ግን ፊቱን ያዞራል፤ ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ «አንቱ» ያላት ሰው አልነበረም። ማታ ማታ ጅብ ትሆናለች ይሏታል። ወለላና እኔ ጭቃ ልናቦካ ተደብቀን እንሄድ ስለነበር፣ ከጅብ ጋር የሚያመሳስላት ሳቋ ብቻ እንደሆነ እናውቅ ነበር።

ቡዳ የማስለፍለፍ ዕውቀት አለኝ የሚሉት የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምሴ ነበሩ። ነብር በጡጫ ገድያለሁም ይሉ ነበር፤ ነብሩን ያየ ግን የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው ጉና ተራራ ላይ ከብዶ ሳለ፣ መጥተው ወለላን ምድጃው አጠገብ አስቀመጧትና በጋቢ ሸፈኗት። ፍሙ ላይ የዶሮ ላባ፣ የፍየል ቀንድ ፍቅፋቂ፣ ያረጀ የጫማ ጠፍር፣ በመጨረሻም ከጅብ ዋሻ የተለቀመ፣ ስሙን የማልጠራው ደረቅ ነገር ጨመሩበት። ደጁ ላይ ጎረቤቶች ዱላቸውን ይዘው ስም ይጠብቃሉ። ስሙ ከወለላ አፍ ከወጣ ወዴት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን።

«ተናገር! ከማን ነህ? ማን ላከህ?» ይላሉ አያ ደምሴ የጋቢውን ጫፍ ገልጠው።

«አያ፣ ልጄ ታፈነችብኝ፤ ይተዉአት» አለች እናቴ።

«ዝም በይ! የሚታፈነው እሱ ነው!»

ወለላ እንባዋና ንፍጧ ተደባልቆ «አ… አ…» አለች። ከደጅ አንድ ሰው «አለሚቱ አለች!» ብሎ ጮኸ፤ የሰዎቹ ኮቴ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሲጎርፍ ሰማሁ። ወለላን የያዛት ግን ስም አልነበረም። አፏን ከፍታ የዕለቱን ገንፎ፣ የትናንቱንም ጭምር ይመስለኛል፣ አያ ደምሴ ጭን ላይ ዘረገፈችው። በገንፎው መካከል ስንዝር የሚያህል፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ጫፉን ቀና አድርጎ ተላወሰ።

ነብር ገዳዩ አጎቴ «እባብ! እባብ!» ብለው ዘለሉ፤ በሩን ስተው ግድግዳውን ገጩ፤ ከዚያ በሩን አገኙትና ጭናቸውን እያራገፉ እስከ ፍየሎቹ በረት ሮጡ።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችው። «ወስፋት ነው» አለች። ወዲያው የደጁ ጩኸት ትዝ አላት መሰለኝ፣ ትሉን በጉሎ ቅጠል አፍሳ ነጠላዋን ሳታስተካክል ቁልቁል በረረች፤ እኔም ተከተልኳት።

ስንደርስ የተሰባበረው እንስራ ገል በየቦታው ተበትኗል፤ አንዱ የለኮሰውን ጭራሮ ወደ ሣር ክዳኑ አስጠግቷል። እትዬ አለሚቱ እስከ ክርኗ ጭቃ የነካው እጇን አንጠልጥላ በሯ ላይ ቆማለች። እናቴ መካከላቸው ገብታ ቅጠሉን ወደ ፊታቸው ዘረጋች።

«ልጄን የበላው ይኸው! ደፋር ካለ ቀረብ ብሎ ስሙን ይጠይቀው!»

ትሉ እንደገና ተላወሰ። ቡዳ ሊያቃጥሉ የመጡት ሰዎች ከአንዲት ትል ወደ ኋላ ሸሹ፤ አንዱማ የገዛ ዱላው ጠልፎት ተንከባለለ። ሳቄ መጣ፤ የሴትዮዋን ፊት ሳይ ግን አፌን በእጄ ያዝኩ።

«እትዬ አለሚቱ፣ ይቅር ይበሉን» አለች እናቴ። ሰው «አንቱ» ሲላት የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ዛሬ ትል አገኛችሁ» አለች እትዬ አለሚቱ። «ነገ ያላገኛችሁ እንደሁስ?»

ጭራሮ የያዘው ሰው እሳቱን መሬት ላይ ጥሎ ረግጦ አጠፋው።

ወለላ ኮሶ ተቀጥቅጦላት ጠጣች፤ ከዚያ በኋላ ስለወጣው ነገር በምሳ ሰዓት ባወራ የልጅ ልጆቼ ምግባቸውን ትተው ይነሣሉ። ዳነች፣ ወፈረች፣ ተዳረች። ካረጀን በኋላ ያን ቀን የማንን ስም ልትጠራ እንደነበር ጠየቅኋት። «ጭሱ የሚቆምልኝ ከሆነ የማንንም፤ ያንቺንም» አለች። አልቀለደችም።

እትዬ አለሚቱ ብዙም ሳትቆይ ከስብራት የተረፈውን ማሰሮ በአህያ ጭና ወደ እብናት ወረደች። ጎጆዋ ፈረሰ፤ ጭቃ የምትቆፍርበት ጉድጓድ ውሃ ቋጠረ፤ ያ የጅብ ሳቅ ከወንዙ ጠፋ። በቀጣዩ ክረምት የአያ ደምሴ ልጅ መክሳት ሲጀምር፣ ዓይን የሚጣልበት ጎጆ አልነበረም። ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር፤ ለሰላምታ ሲጎነበሱ እንኳ ዓይናቸው አይነቀልም። ያ ዓይን ቀስ በቀስ ዞሮ፣ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ወደ ቆመችው ሴት ቤት፣ ወደ እኛ መጣ። እናቴ በጠራራ ፀሐይ በሯን መዝጋት ጀመረች። በር ለጅብ ብቻ ሳይሆን ለሰውም እንደሚዘጋ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።