ተራ የሚጠብቀው የቼዝ ካሴት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ጋሽ ደረጀ ያስያዙኝ ዕቃ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ነበር። ቦታው ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ ያለ መስኮት የሌለው መጋዘን ነው። አሮጌ የቪዲዮ ጌሞችን ገዝተን፣ አድሰን፣ በኢንተርኔት እንሸጣለን። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ስመጣ ጥጥ ይጠብቀኛል ብዬ አላሰብኩም።

ጋሽ ደረጀ የጥገናው ኃላፊ ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ። አሠራሩን አንዴ ብቻ አሳዩኝ። የጌም ካሴቱን የመዳብ ጥርሶች በአልኮል መጥረግ። ማሽኑ ላይ ሰክቶ ማስነሳት። ከዚያ ካሴቱን ፈትቶ፣ ሳያልቅ የቆመ ጨዋታ የምታስታውሰውን ክብ ባትሪ በአዲስ መተካት። ባትሪዋ ስትወጣ የድሮው ባለቤት ጨዋታ አብሮ ይጠፋል።

«ውስጡ ያለውን አትመልከቺ» አሉኝ። «የሰው ቤት ነው። ንቀይና ጣይ።»

ለደንበኞች መልስ መስጠትም የኔ ሥራ ሆነ። ከሰው ጋር ማውራት ስለማፍር በጽሑፍ መሆኑ ተስማማኝ። ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ ተንቀሳቃሹ ቼዝ ነው፤ ወታደሮቹ እየተራመዱ ሄደው የሚዋጉበት የድሮ ጌም። ዛሬም ይገዛል ወይ ይሉኛል። እውነቱን እጽፋለሁ፦ ቀርፋፋ ነው፣ ውጊያው ሲደጋገም ይሰለቻል፣ ስልካችሁ ላይ በነፃ የምታገኙት ቼዝ ከሱ የበለጠ ይጫወታል።

የሱቁ ባለቤት ይህን አንብቦ የተቀጠርሽው ለመሸጥ ነው ብሎ አስጠነቀቀኝ። የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም ነበር። ቪዛዬም በእሱ እጅ ነው።

አንድ ቀን ከጎረቤት ከተማ ከአጅማን፣ ከአንድ ቪላ፣ ያው የቼዝ ካሴት መጣ። ዱባይ ያለ አንድ ደንበኛ ቀድሞ አዞት ስለነበር እሑድ ከሰዓት በኋላ መልእክተኛ ይወስደዋል ተባለ።

ጠርጌ አስነሳሁት። ምስሉ ሳይመጣ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። የድንጋይ ወታደሮቹ ግማሽ ላይ በቆመ ጨዋታ ውስጥ ተደርድረዋል። ተጫዋች ሲዘገይ አንድ በአንድ ዞረው ከስክሪኑ ወደ ውጭ ያያሉ። የሠዓሊው ቀልድ ነው፤ ሌሎቹ ካሴቶች ላይም አይቼዋለሁ። ሆኖም ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

ከታች በላቲን ፊደል ሁለት ስሞች ተጽፈዋል፤ ባባ እና አስቱ። አስቱ የኛ አገር ስም ነው። ተራውም የአስቱ ነበር።

ባትሪውን መንቀል አቃተኝ። ካሴቱን ያመጣውን ሾፌራችንን ስጠይቀው ያስረከበችው ሐበሻ ሠራተኛ እንደሆነች፣ የሱቁንም ቁጥር ለምና እንደወሰደች ነገረኝ። እስክትደውል ጠበቅኩ።

ደወለች። በዓረብኛ ጀምራ ድምፄን ስትሰማ ወደ አማርኛ ተመለሰች። ባባ የምትላቸውን የማዳሟን አባት ታስታምም እንደነበር ነገረችኝ። ቼዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ተራው የእሷ ሆኖ ስታስብ ሕመሙ ተነሳባቸው፤ ሆስፒታል ሄደው አልተመለሱም። እሑድ እረፍቷ ነው፤ አንዴ ልየው አለች።

ለሱቁ ባለቤት ካሴቱን አንድ ቀን እንዲያቆየው ጻፍኩለት። መልእክተኛው ባዶ እጁን ከተመለሰ ሰኞ አትምጪ ብሎ መለሰልኝ።

እሑድ አስቱ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጣች፤ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች። ጆይስቲኩን ሰጠኋት። ወታደሮቹ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ንግሥቷን አንቀሳቀሰች።

የሁለተኛው ተጫዋች ጆይስቲክ መደርደሪያው ላይ ገመዱ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ማሽኑ ላይ አልተሰካም። የጥቁሩ ፈረስ ግን ኮቴውን አሰምቶ ወደ ኋላ ተመለሰ።

አስቱ አልደነገጠችም። «ልማዳቸው ነው» አለች። «እንዳሸንፍ ፈረሱን ያሸሹልኛል። ሽማግሌ ሲያጭበረብር ያስታውቃል ብዬ እስቅባቸው ነበር።»

ጌሙ ላይ ማሽኑ ራሱ በሌለ ተጫዋች ፋንታ እንዲጫወት የሚያደርግ ምርጫ አለ። ገብቼ አየሁት። ተዘግቷል። ጋሽ ደረጀ ከኋላችን ቆመው ነበር። አማተቡ፤ ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «አሮጌ ዕቃ ይሳሳታል ልጄ» አሉኝ። እሳቸውም ያመኑት አልመሰለኝም።

መልእክተኛው ሊደርስ ነበር። ካሴቱን ስጪኝ ልትለኝ ነው ብዬ ገመትኩ። ሳትጠይቀኝ እኔው «ላስቀርልሽ?» አልኳት። ሰኞ የት እንደምውል ግን አላውቅም ነበር።

«አይ እህቴ» አለች። «ልወስዳቸው አልመጣሁም። እኔ ሳልጫወት ስለሄዱ ነው እዚህ የቆዩት። ሰው ተራ እየጠበቀ እንዴት ያርፋል?»

ንግሥቷን ፈረሱ በለቀቀው መንገድ አስገባች። የጥቁሩ ንጉሥ ሰይፉን መሬት ላይ አኖረ፣ ተንበረከከ፣ ከዚያም ድንጋይ ሆኖ ተሰነጠቀ። አስቱ ጆይስቲኩን በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

«ኸላስ፣ አለቀ» አለች። «አሁን ንቀይው።»

ነቀልኩት። አዲሱን ባትሪ በይጄ አስነሳሁት። ስሞቹ ጠፍተዋል። ወታደሮቹ በመነሻ ቦታቸው ቆመዋል። ዞረው እስኪያዩኝ ብዙ ጠበቅኩ። ማንም አልዞረም። መልእክተኛው መጥቶ ካሴቱን ወሰደው።

አሁን በሥራው ቆይቻለሁ፤ ጥያቄውም አልቀረም። መልሴ ያው ነው። ለቼዝ ብላችሁ አትግዙት፤ ለሥዕሉ ከሆነ ይገዛል። ለዚህ ሥራ አዲስ የምትመጡ ደግሞ ባትሪውን ከመንቀላችሁ በፊት ተራው የማን እንደሆነ እዩ።