ያልተረጎምኩት እሺ

ሐያት የልጄ የሰዓዳ ልጅ ናት። ትምህርት ሲዘጋ ከደሴ እኔ ዘንድ ቆቦ ትመጣለች፤ መጥታም ከስልኳ አትለይም። ባለፈው ሳምንት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ አልመለስ ያሉ የዓለም ቃላትን ታነብልኝ ጀመር። ጃፓኖች በቅጠል መሃል ሾልኮ ለሚወርድ የፀሐይ ብርሃን ለብቻው ስም አላቸው አሉ። በበረዶ አገር የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ እንግዳ እየጠበቁ ደጋግሞ ወደ ደጅ ብቅ ማለትን በአንድ ቃል ይጠሩታል።

"እሱንማ እኛም ስንሠራው ነው የኖርነው፤ ስም ማውጣቱን ነው የረሳነው" አልኳት።

"ከኛስ፣ አባባ? የማይተረጎም ቃል አለን?"

አለን። እንዲያውም በዚያው ሰሞን እኔኑ አስሮ ይዞኝ ነበር። ሰዓዳ ልጇን ልታደርስ መጥታ፣ "ብቻዎን መኖር ይብቃዎት፤ ክፍል አዘጋጅተናል፣ አልጋም ገዝተናል፣ ከሐያት ጋር ደሴ ይምጡ" ስትለኝ፣ "ይሁን፣ ኢንሻአላህ" ብዬ ሸኝቻታለሁ። መሄድ ግን አልፈለግሁም። የቆቦን ሙቀት የለመደ ገላ በስተርጅና ደሴ ወጥቶ ብርድ ሊማር? ደግሞስ ጠዋት ፀሐይ ከዞብል ተራራ ጀርባ ስትወጣ ካላየሁ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም። ይህን ለሐያት አልነገርኳትም። የነገርኳት የሚስተር ፒተርን ነገር ነው።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ ጎረምሳ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ ከእኩዮቼ ትሻላለች ተብሎ፣ የመጠጥ ውሃ ሊያስቆፍር ለመጣ የውጭ አገር መሐንዲስ አስተርጓሚ ሆንኩ። ፒተር ፀሐያችን አፍንጫውን የላጠችው፣ ጥያቄ የማያልቅበት ረጅም ሰው ነበር። ማሽላው እሸት ይዟል። ከሮቢት ወደ ውስጥ በሚገባው መንገድ ስናልፍ ወፍ ጠባቂዎች ከማማቸው ላይ ወንጭፍ ያስጮሃሉ፤ አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ፒተር በመሣሪያው መሬቱን ሲለካ ሰንብቶ፣ ችካሉን አያ ሙሄ በሚባሉ ሽማግሌ እርሻ አናት ላይ ተከለ። መቆፈሪያው መኪና ሊመጣ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ የቀረው የባለመሬቱ ፈቃድ ብቻ ነው።

አያ ሙሄ በእንግዳ ወግ ተቀበሉን። በእርጎ የተከበበ ገንፎ ቀረበ፤ ቅቤው መሃሉ ላይ ይንጣለላል። ፒተር ጣቱን እያቃጠለው በላ። ከዚያ ጥያቄውን ጠየቀ፤ እኔም ተረጎምኩ።

"እሺ፤ እንግዳ ያለው ይሁን" አሉ አያ ሙሄ።

"ደስ ብሏቸው ነው ወይ በልልኝ" አለኝ ፒተር።

"ደስ ብሎኛል በለው። ይብላ እንጂ፣ ምነው እጁን ሰበሰበ?"

አፋቸው ይህን ሲል፣ የሙስበሃቸውን ዶቃ የሚቆጥረው ጣታቸው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዓይናቸውም ከበሩ ውጭ፣ ማሽላው ላይ ነው። እኔ የዚያ አገር ልጅ ነኝ፤ ገባኝ። ከግቢው እንደወጣን ለፒተር፣ "እሺ ብለዋል፤ ግን እሺ አይደለም" አልኩት።

መንገድ ላይ ቆመ። "ፈርተው ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ዋሹኝ?"

"ኧረ በፍጹም!" ተናደድኩ። "ይሉኝታ ይዟቸው ነው።"

ቃሉን በእንግሊዝኛ ላስረዳው ታገልኩ። ሐፍረት አልኩ፤ አልሆነም። ጨዋነት አልኩ፤ ጎደለ። በመጨረሻ፣ "ከቤታቸው በልተሃል። የበላን እንግዳ ፊት ለፊት እምቢ ከሚሉ መሬታቸው ቢሄድ ይመርጣሉ" አልኩት። "እውነቱን ከፈለግህ አንተ አትጠይቅ፤ እኔም አልጠይቅ። ሰው እንላክ።"

"ራሴ ሰምቼው የመጣሁትን ነገር ሌላ ሰው ሄዶ ይጠይቅልኝ?"

"አዎ።"

ሳቀ፤ ግን ነገሩ ሳበው። የሰፈሩን ዱዓ አድራጊ ሸህ ይማምን ለመንናቸው። እኛ ከዋርካ ሥር ቁጭ ብለን ጠበቅን። ፒተር አሥር ጊዜ ተነስቶ መንገዱን አየ። የበረዶ አገር ሰዎች ቃል ለሱም ይሆነው ነበር።

ሸህ ይማም ከአስር ሶላት በኋላ ተመለሱ። "መሬቱን ሰጥቻለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም ነው የሚለው" አሉ። "ነገር ግን ችካሉ ያረፈው ጎርፉ ወደ እርሻው በሚገባበት በር ላይ ነው። እሱ ከተዘጋ ማሽላው ውሃ አያገኝም። ያለችውም እቺው እርሻ ናት።"

ፒተር ይህን ስተረጉምለት ደነገጠ። "ለምን ለኔ አልነገሩኝም?"

"ላንተማ እንዴት ብሎ ይንገርህ?" ሸህ ይማም ከልባቸው ሳቁ። "ለኔ ነገረኝ እኮ!"

በማግስቱ ፒተር እንደገና ለካ። ችካሉን ነቅሎ ከእርሻው ዳር፣ መንገዱ አጠገብ ተከለው። አያ ሙሄ ፍየል አረዱ። "ይቺን ለኔ፣ ይቺን ለልጆቼ" እያሉ ሲያጎርሱት ፒተር ላብ በላብ ሆነ፤ ግን ከእጃቸው የመጣውን ሁሉ ዋጠ። ወደኔ ዘወር ብሎ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ "አሁን እኔን ያዘኝ፤ ይሉኝታ" አለኝ። ካስተማርኩት ቃል ሁሉ ያቺን ብቻ ነው በትክክል የተጠቀመባት።

ሐያት ይህን ሰምታ አልሳቀችም። ትንሽ አየችኝና ስልኳን አስቀምጣ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ በሬን አንኳኳ። የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ከተቀመጠ በኋላ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"የልጅ ልጅህ ልካኝ ነው። አባባ ለእናቴ ይሁን ያሏት ከልባቸው ነው ወይ፣ ጠይቁልኝ አለችኝ።"

"ቆቦን ትቼ የት አባቴ እሄዳለሁ፣ ሰይዶ!" አልኩት። ለሰዓዳ ማለት ያቃተኝ ነገር ለሱ እንዲያ ቀለለኝ።

የዚያኑ ቀን ማታ ሰዓዳ ደወለች። ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው። ለበዓል ሁላቸውም ቆቦ እንደሚመጡም ነገረችኝ። ስለ ክፍሉና ስለ አልጋው ግን ምንም አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ስልኩን ስዘጋ ሆዴ ባባ። ሐያት ይህስ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል ብላ እንዳትጠይቀኝ ፊቴን ወደ ግቢው አዞርኩ።